የግንፍሌው ማማ

ከጓሯችን ጫፍ፣ ከግንፍሌ ወንዝ አፋፍ ላይ፣
አንድ ዝግባ አለ፤ ካርታችን ሳይወጣ ባላገር የሆነ፣
ሰፈር ሲፈርስ፣ ሰፈር ሲሠራ፣ ዝም ብሎ የሚያይ።

አጎቴ ምንውየለት ከአርሲ ሲመለስ፣
ሃያ ዓመት ለውጭ አዳኝ ዱካ ሲያነብ ኖሮ ጉልበቱ ሲፈርስ፣
ሰርቪሷን ተረከበ። ሻንጣውን ሳይፈታ
ዛፉን ሦስቴ ዞረው፤ በሬ እንደሚገዛ ሰው ጎኑን መታ መታ።
በማግስቱ የፈረሰ ኪዮስክ ጣውላ ለቅሞ፣
በሽቦ ጠፍሮ፣ በሚስማር ቀርቅሞ፣
ማማ ቀለሰበት፤ ለሁለት የሚበቃ፣ ለአንድ የሚመች።
«ምን ልትጠብቅበት ነው? ጤፍ የለን፣ ማሽላ» እናቴ አለች።
«ድኩላ» አላት። ሳቀች።

ለካ ከእንጦጦ ወርዶ፣ በድልድዮች ሥር ሾልኮ፣
የጓሮ ጎመኗን በየሌሊቱ የሚላጨው እሱ ነው እኮ፤
እሷ ግን ዓመት ሙሉ ስትረግም የኖረችው
የወይዘሮ ስኂንን በግ።

በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል ያገሬ ሰው፤
እሱን ግን ሥጋ አልነበረም ያማረው።
ጠመንጃ ሰፈር ያስነሳል ብሎ፣ ቀርከሃ በእሳት አጎበጠ፤
የብየዳ ቤቱ ሙሉዓለም ከአሮጌ ባሌስትራ ጫፉን አሾለለት፤
ደጋኑን ለእኔ ሰጠ።
«ዓይኑ እኔ፣ ክንዱ አንቺ።
ዛሬ ሳሙና አትንኪ። ቅባትም አትቀቢ።
የሚሸት አዳኝ ከራሱ ቀድሞ ይደርሳል።»

ሌሊት አሥር ሰዓት። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።
የክሬኑ ቀይ መብራት ከላይ ያፈጣል፣
የሥላሴ ድምፅ ማጉያ ገና ጉሮሮውን ይጠርጋል፣
ታች ወንዙ የሰፈሩን እጣቢ ተሸክሞ ያጉረመርማል።
አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እግሬ ደንዝዟል።

«በክንድሽ አትሳቢ፤ በጀርባሽ ነው የሚሳበው።
ስትለቂም አትልቀቂ፤ ይምለጥሽ፣ አንቺም ደንግጪ፤ ልክ የሚሆነው ያኔ ነው።»

መጣ።
ከጨለማው አንድ ቁራጭ እግር እንዳወጣ።
ጎመኑን ሲቀነጥስ፣ ቅርች፣ ቅርች፣ ይሰማል።
ቀና ይላል። ያዳምጣል። ደግሞ ያጎነብሳል።
ልቤን ይሰማዋል ብዬ ፈራሁ።
ሳብኩ። አመለጠኝ። ሲዘል ብቻ አየሁ።

«አትውረጂ» አለኝ። «ከተከተሉት ይሮጣል፣ ከተዉት ይተኛል፤ የቆሰለ እንዲህ ነው።»
ሲጋራ ለኮሰ። «እንግዲህ እኔ የምጨርሰው ኒያላ ይሄ ብቻ ነው።»

ከዚያ በስልክ መብራት፤ አንድ ጠብታ ቅጠል ላይ፣
አንድ በወደቀው አጥር፣ አንድ አቀበቱ ላይ፣
እስከ አስፋልቱ።
አዲሱ የእግረኛ ንጣፍ ላይ፣ በተደረደሩት አምፖሎች ሥር፣
ከጫካ ይልቅ ይነበባል ደሙ፤ ከኪስ እንደ ወደቀ ዝርዝር።
ምንውየለት በዚያ ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ነካ፣ አሸተተ፣ አየ።
«አረፋ የለውም። ሳንባውን ስተሻል።» ሌላ ቃል ሳይል ቆየ።

ወደ አራት ኪሎ ስንታጠፍ ደሙ ቀጥ አለ።
መንገዱ እርጥብ ነው፤ ንጹሕ፤ የአምፖሉ ብርሃን ውስጡ ዋለለ።
አንዲት ሴት፣ ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ነጠላዋ ዓይኗ ድረስ ወርዷል፣
ትጠርጋለች፤ ሸር፣ ሸር፤ ባልዲዋ ከጎኗ ቆሟል።
«ማን ተጋጭቶ ነው ልጆቼ? የሰው መስሎኝ አልቅሼ ነው ያጠብኩት፤
ሳይነጋ ይጥራ ተብያለሁ።»
«ወዴት ሄደ?»
«እኔ ደሙን እንጂ ባለቤቱን አላየሁት።»

ደጋኑን ከእጄ ወስዶ በጋቢው ሸፈነ።
«እግዜር ይስጥልን» አላት፤ ጎንበስ ብሎ።
ስለ ምን እንዳመሰገናት፣ እስኪሞት አልነገረኝም።

በሦስተኛው ቀን ጎመኑ አልተነካም። በሰባተኛውም። እናቴ ደስ አላት፤
ለወይዘሮ ስኂን አንድ እስር ቆረጠች፤ ይቅርታ ይሁን ምን ሳትናገር ሰደደችላት።

ማማው እስካሁን አለ፤ አንድ ጣውላ ጎድሎታል።
ጥቅምት ሲገባ፣ ንጋት ላይ፣ መጥረጊያ አስፋልቱን ሲፍቅ ይሰማኛል፤
ተኝቼ ሳለሁ ጀርባዬ ብቻውን ይሳባል።